ለእማዬ ፋርማሲስት፦ እግዜር ይስጥልን

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ እናት ወይም አባት የምታስታምሙ፣ ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። እናቴን የታደገችልኝን አንዲት ፋርማሲስት ማመስገን አለብኝ። ምስጋናው ዘግይቷል። እማዬ ከወደቀች ወዲህ ፋታ አላገኘሁም። አሁን ሳሎን ቁጭ ብላ ቡናዋን እየጠጣች ነው፤ እኔም ልጻፍ።

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ጥቅምት 17 ቀን መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሆስፒታል 6 ቀን ተኛች። ከዚያ መራመድ እስክትለማመድ ኑርሲንግ ሆም ገብታ 24 ቀን ቆየች። ኅዳር 17 ቤቷ ተመለሰች። በየቦታው ሐኪሙ ሌላ፣ ነርሷ ሌላ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ። መድኃኒቷም በየቦታው ተቀያየረ።

ሆስፒታሉ የስኳር ኪኒኗን አቁሞ ኢንሱሊን ጀመረላት። ይህ የተለመደ ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው እንደ ልቡ ስለማይበላ ስኳሩን በኢንሱሊን መቆጣጠር ይቀላል። ለሕመሙ ፐርኮሴት፣ ደም እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ፣ ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል ተጨመረ። ኑርሲንግ ሆሙ ደግሞ ለሆድ ድርቀት አንድ ሁለት ነገር ጨመረበት። ስትወጣ የተሰጠን ወረቀት 5 ገጽ ነው። ኢንሱሊኑ ይቁም፣ የድሮው የስኳር ኪኒን ይቀጥል ይላል። የደም ማቅጠኛው እስከ መቼ እንደሚወሰድ ግን የትም ላይ አልተጻፈም። ነርሷ አነበበችልኝ፣ ፈረምኩ፣ ዊልቸሩን እየገፋሁ ወጣሁ። አስተርጓሚ ይምጣልን አላልኩም። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ነበር።

ቤት ስንደርስ ወንድሜ የኪኒን ሳጥን ገዝቶ መጣ። በፕላስተር ላይ በአማርኛ «8 ሰዓት» እያለ ለጠፈበት። የጠዋቱን 8 እና የማታውን 8 ማለቱ ነው፤ የፈረንጁን ሰዓት። እማዬ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሰዓት የምትቆጥረው በእኛው አቆጣጠር ነው። ስለዚህ የጠዋቱን ኪኒን ከምሳ በኋላ፣ በ8 ሰዓት ዋጠችው። የማታውን ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት እየተነሳች፣ በጨለማ፣ በዎከር እየተንፏቀቀች ትወስድ ነበር። እኛን ላለመቀስቀስ መብራት እንኳን አታበራም። በዚያ ዳሌዋ! ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

የገና ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ገብቷል። ኑርሲንግ ሆም እያለች ያበሏት ነበር። ቤቷ ስትመጣ ግን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም አለች።

ኅዳር 21፣ ሌሊት ወደ 10 ሰዓት ግድም ስታቃስት ሰማሁ። የለበሰችው የሌሊት ልብስ በላብ ርሷል፣ ሊጨመቅ ይችል ነበር። በሕይወት የሌለችውን እህቷን ትጣራለች። እኔን አላወቀችኝም። ጣቷን ወግቼ ስለካ ስኳሯ 48። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው፣ ከ54 በታች ደግሞ አደጋ ነው። መዋጥ ትችል ስለነበር ግማሽ ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ አጠጣኋትና 911 ደወልኩ። (ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም እንዳታፈሱ፤ ትን ይለዋል።) አምቡላንሱ ወሰዳት። አንድ ሌሊትና አንድ ቀን በዓይን ሲጠብቋት ቆዩ። ከዚያ ሌላ ወረቀት ይዘን ወጣን። እንግዲህ እጃችን ላይ አራት ዝርዝር አለ፦ ከመውደቋ በፊት የነበረው፣ የሆስፒታሉ፣ የኑርሲንግ ሆሙ፣ የድንገተኛው። አራቱም አይመሳሰሉም።

ፋርማሲስቷን የጠቆመችኝ ኑርሲንግ ሆሙ ውስጥ እማዬን ስትንከባከብ የነበረች አንዲት የአገራችን ልጅ ናት። ረዳት ነርስ ናት። እማዬን ለመጠየቅ ደውላ ነገሩን ስትሰማ «መድኃኒቱን በሙሉ ሰብስበሽ እዚያ ፋርማሲ ሂጂ። ሁሉንም! ከአገር ቤት የመጣውንም» አለችኝ። እሷንም እግዜር ይስጥልኝ።

ከአገር ቤት የመጣው ስትል ክው አልኩ። የእማዬን ኮሞዲኖ ስከፍት አንድ ፌስታል ሙሉ መድኃኒት አገኘሁ። አክስቴ በመጣች በሄደች ቁጥር ያመጣችላት ነው። «የአገሬ ኪኒን ነው የሚስማማኝ፣ የዚህ አገሩን ልብ አላምነውም» አለችኝ።

ኅዳር 23 ሁሉንም ጠራርጌ ፋርማሲው ሄድኩ። ካውንተሩ ላይ ስንደረድረው 19 ብልቃጥና ፓኬት ሆነ። ፋርማሲስቷ ጓንቷን አጥልቃ አንድ በአንድ እያነሳች ታነባለች። አንዱን በስተቀኝ፣ አንዱን በስተግራ። ከዚያ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠች። አንዱ የአሜሪካ ብርቱካንማ ብልቃጥ ነው፤ ግላይቡራይድ 5 ሚሊግራም ይላል። ሌላው የአዲስ አበባ ፓኬት ነው፤ ግሊበንክላማይድ 5 ሚሊግራም።

«እነዚህ ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው» አለችኝ።

ቃል ለቃል ነው የምጽፍላችሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሳሁትም። እኛ አገርና በብዙው ዓለም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን አሜሪካኖቹ ግላይቡራይድ ይሉታል። እማዬ እኛ የምንሰጣትን ከሳጥኑ ትወስዳለች፣ «የአገሬን» ደግሞ ከኮሞዲኖው። እጥፍ ማለት ነው፤ ያውም በባዶ ሆድ፣ በጾም። ይህ መድኃኒት በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ፣ በተለይ ኩላሊት ሲደክም፣ ረጅም ሰዓት እንደሚቆይም አስረዳችኝ። ስኳሩ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ሆስፒታሉ አድራ ትዋል ያላት ለዚህ ነው። ቢርስ የሚባል ዝርዝር አለ፤ ለአረጋውያን ባይሰጡ የሚመረጡ መድኃኒቶች የተጻፉበት ነው። ማርክ ቢርስ የተባሉ ሐኪም በ1991 የጀመሩት ሲሆን አሁን የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ያድሰዋል። በ2023 በታደሰው ላይ ይህ ኪኒን እንዳለበት አሳየችኝ።

በዚህ አላበቃችም። ፓናዶል፣ ታይለኖልና ፐርኮሴት አሰለፈች። ፓናዶል ፓራሲታሞል ነው። ታይለኖል አሲታሚኖፌን ነው። ፓራሲታሞልና አሲታሚኖፌን ደግሞ የአንድ ነገር ሁለት ስም ናቸው። ፐርኮሴትም ውስጡ ይኸው አለበት። ጤነኛ ጎልማሳ እንኳን በቀን ከ4,000 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። እኛ ለየብቻ እየቆጠርን ስንሰጣት ነበር። ወንድሜ እንቅልፍ እንዲወስዳት ብሎ የገዛላት ታይለኖል ፒኤምም ተደርቧል። እሱ ውስጥ ያለው የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ቤናድሪል ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ ሽማግሌ ያደናግራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ይጥላል። እሱም ቢርስ ዝርዝር ውስጥ አለ። እማዬ ሰሞኑን መዘባረቋን እኛ በእርጅና አሳብበን ነበር። ይህን ስትነግረኝ እዚያው ካውንተሩ ላይ አለቀስኩ። ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ስልኳን አነሳች።

የቀረውን የሠራችው በስልክ ነው። እሷ በራሷ ሥልጣን አንድም መድኃኒት አላቆመችም። ኑርሲንግ ሆሙን፣ ቀዶ ሐኪሙን፣ የቤተሰብ ሐኪማችንን ተራ በተራ ደወለች። ሙዚቃ እያሰሙ ሲያስጠብቋት ስልኩን በትከሻዋ ይዛ የሌላ ደንበኛ መድኃኒት ትቆጥራለች። የደም ማቅጠኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለ35 ቀን ብቻ የታሰበ ነበር። ቆጠርነው። 35ኛው ቀን ያው ኅዳር 23 ነው! ማንም ባይጠይቅ እማዬ ስንት ወር ትውጠው እንደነበር እንጃ። ኦሜፕራዞሉም ሆስፒታል እያለች ብቻ ታስቦ የተሰጠ ነበር። ሐኪማችን የስኳሩን ኪኒን በሜትፎርሚን ቀየረላት። 19 የነበረው ወደ 6 ወረደ።

ከዚያ እማዬን ራሷን በስልክ አነጋገረቻት። «እማማ፣ አብሽ ይጠጣሉ? ጥቁር አዝሙድስ?» አለቻት። እማዬ ለእኔ ያልነገረችኝን ለእሷ ነገረቻት፤ ጠዋት ጠዋት አብሽ ትበጠብጣለች። ፋርማሲስቷ አልተቆጣቻትም። አብሽ ራሱ ስኳር ሊያወርድ እንደሚችል፣ ለሐኪሟ መናገር እንዳለባት ብቻ አስረዳቻት። ስለ ጾሙ ደግሞ «የንስሐ አባትዎን ያማክሩልኝ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ቁርስ ያስፈልግዎታል» አለቻት። አባም ለታመመ ጾም እንደማይጠና ነግረዋት ፈቀዱላት። እኔ ብለምናት አትሰማኝም ነበር።

አሁን መድኃኒቱ በብልቃጥ አይመጣም። የጠዋቱ ለብቻ፣ የማታው ለብቻ በትንንሽ ላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ከላዩ በአማርኛ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቁርስ ጋር» ይላል። አንድ ገጽ ወረቀትም አዘጋጅታልናለች፦ የመድኃኒቱ ስም፣ አገር ቤት የሚጠራበት ስም፣ ለምን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ። አንዱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ አንዱ በእማዬ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ በእኔ ስልክ ላይ። ለዚህ ሁሉ ሳንቲም አልጠየቀችንም።

እዚህ ላይ ቅሬታዬንም ልናገር። ሆስፒታሉም ኑርሲንግ ሆሙም ክፉ ሰዎች አልነበሩበትም። ግን እማዬ ከበራቸው ስትወጣ ዝርዝሩ ባለቤት አጣ። በአሜሪካ ሕግ ኑርሲንግ ሆም ያለ ሰው መድኃኒት ቢያንስ በወር አንዴ በፋርማሲስት መታየት አለበት። እማዬ የቆየችው 24 ቀን ነው፤ የሷን ያየው ሰው ይኑር አይኑር የነገረን የለም። ስትወጣ መጠየቅ ነበረብን። እናንተ ጠይቁ። ምን ተጨመረ፣ ምን ቆመ፣ ምን እስከ መቼ? አስተርጓሚም ጠይቁ፤ ሆስፒታል ውስጥ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። ፋርማሲ ስትሄዱም ያቺ ስክሪን «ለፋርማሲስቱ ጥያቄ አለዎት?» ስትላችሁ «የለኝም» ብላችሁ ፈርማችሁ አትውጡ። እኔ ስንት ዓመት እንደዚያ ሳደርግ ኖርኩ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ እንደምትጨናነቅ ገብቶኛል። ፋርማሲውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እሰጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት ወረፋው ብዙ ነው። ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ጊዜው ያለፈበትንም፣ ቅባቱንም፣ ቫይታሚኑንም፣ ከአገር ቤት የመጣውንም። ከሆስፒታል የተሰጣችሁን ወረቀቶች አትጣሉ። ከተቻለ ታማሚውን ይዛችሁት ሂዱ፤ እሷ የምታናግረው ልጁን ሳይሆን እሱን ነው።

ፋርማሲስቷ እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እማዬ በጤናዋ ነች። ትናንት ያለ ዎከር እስከ በረንዳው ሄዳ ተመለሰች። ሌሊት አትነሳም። ድፎ ዳቦ እየጋገረችልሽ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይዤልሽ እመጣለሁ።