የተሰቀለ ሳጥን ወይስ መሬት ላይ የሚቀመጥ? ለታቃፊ ዶሮ የሚሆነውን መምረጥ

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ በግቢያቸው ጥቂት የሐበሻ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ለታቃፊ ዶሯቸው ሳጥን ሊያሠሩ ወይም ሊገዙ ሲሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ይቀርብላቸዋል። አንደኛው ከዶሮ ቤቱ ግድግዳ ጋር በምስማር ተመትቶ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የሚሰቀል፣ ጎን ለጎን የተከፋፈለ የእንቁላል መጣያ ነው፤ ሁለተኛው ለብቻው ተሠርቶ አንድ ሰው አንሥቶ ወደፈለገው ቦታ የሚወስደው ባለ ክዳን ሳጥን ነው። ሁለቱም ከጣውላ ወይም ከኮምፔንሳቶ ስለሚሠሩ ሲታዩ እምብዛም አይለያዩም፤ ልዩነታቸው የሚገለጠው በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ነው።

እንቁላል ለማስጣል ብቻ ከሆነ የተሰቀለውን ያለማመንታት እመርጣለሁ። ዶሮዋ ከፍ ያለና ጨለም ያለ ስፍራ ትወዳለች፤ እንቁላሉም ከኩስ ይጸዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ወለሉ ሲረጥብ ጭዱ ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ሸለምጥማጥ ግን መውጣት ስለሚችል ከፍታው ብቻውን ከእርሱ አያድንም።

ለማስታቀፍ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ሌሎቹ ዶሮዎች ያንኑ ሳጥን ስለለመዱት እየገቡ በላይዋ ይጥላሉ፤ አንዳንዴም ገፍተው ያስነሷታል። ያስታቀፏቸውን እንቁላሎች በእርሳስ ምልክት አድርጎ አዲሶቹን በየማታው ማውጣት ይረዳል፤ አንድ ቀን ከተዘነጋ ግን የመታቀፊያ ቀናቸው የተለያየ እንቁላሎች ይደባለቁና እናቲቱ የፈለፈለቻቸውን ይዛ ስትወርድ የቀሩት ቀዝቅዘው ይበላሻሉ።

ከዚህ የከፋው የጫጩቶቹ መውደቅ ነው። ሰበታ በሚገኘው ግቢዬ አንድ ማለዳ የዶሮ ቤቱን በር ስከፍት ሁለት ጫጩቶች ከሳጥኑ ሥር በሲሚንቶው ላይ ወድቀው አገኘሁ። አንዱ ደርቆ ነበር፤ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ በቀጭን ድምፅ ይጮሃል። እናቲቱ ቅርፊታቸው መሰንጠቅ የጀመሩ አምስት እንቁላሎች ታቅፋ ስለነበር መውረድም መተኛትም አልሆነላትም፤ አንገቷን ከጠርዙ አሻግራ ደጋግማ ትጣራ ነበር። የተረፈውን አንሥቼ ከክንፏ ሥር ስከተው ወዲያው ዝም አለ። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ከሆዱ በቀረው አስኳል ሁለት ቀን ያህል ያለ መኖ ሊቆይ ስለሚችል ያኛውን የገደለው ረኃብ አይደለም፤ ብርዱ ነው።

ስለዚህ ጫጩት የሚፈልግ ሰው መሬት ላይ የሚቀመጠውን ይግዛ። ሲገዛም ወለሉ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑን፣ ከፊቱ ጭዱን የሚያግድ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ መኖሩን፣ የአየር ማስገቢያው ወንፊትም አይጥ የማያሳልፍ ጠባብ ዓይን እንዳለው ይመልከት። የዚህ ሳጥን ድክመት እርጥበት ነው፤ በተለይ እንደ ሱሉልታ ባለ ብርዳማ ስፍራ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። በአራት ጡብ ላይ አድርጎ ውስጡን በደረቅ ጭድ ወይም በጤፍ ገለባ መሙላት ይበቃል፤ ጡቡ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጫጩቶቹ ከከፍታ አይወድቁም። ለቅማል መከላከያ ከአጠገቡ ዶሮዋ የምትንከባለልበት ደረቅ አመድ ማኖር ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

የተሰቀለ ሳጥን ያለው ሰው መጣል አያስፈልገውም። ዶሮዋ መታቀፏ ሲረጋገጥ ከመሸ በኋላ፣ መብራት ሳይበራ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ታችኛው ሳጥን ማዛወር ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሁለት ቢበላሹ የማያሳዝኑ እንቁላሎች ብቻ ሰጥቼ አያታለሁ፤ ጸንታ ካደረች በማግስቱ ማታ ከ10 እስከ 12 የሚሆኑትን እጨምርላታለሁ። በቀን አንድ ጊዜ ለመብላት፣ ለመጠጣትና ኩሷን ለመጣል ስትነሣ ወደ ላይኛው ሳጥን የምትመለስ ዶሮ አለች፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታችኛውን ሳጥን ዘግቶ፣ ራሱ እያወጣ ራሱ የሚመልሳት ሰው ያስፈልጋል። እንቁላሎቹም አውራ ዶሮ ካለበት ግቢ የመጡ ይሁኑ፤ ከሱቅ የሚገዛው የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ አውራ ከሌለበት እርባታ ስለሚመጣ የትኛውም ሳጥን ውስጥ ቢታቀፍ አይፈለፈልም።