ያገለገለ ጀልባ ገዝታችሁ የውሃ ፍሳሽና ፓምፕ ላስቸገራችሁ፤ የምስጋናና የጥቆማ ጽሑፍ

በሲያትልና በአካባቢው የምንኖር፣ ያገለገለ ባለ ካቢን ጀልባ ገዝተን በሌክ ዩኒየን ወይም በሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ያቆምን ኢትዮጵያውያን ቁጥራችን ብዙ ባይሆንም፣ በተገናኘን ቁጥር የምንጠያየቀው «የሚታመን የጀልባ መካኒክ ታውቃለህ ወይ?» እያልን ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ የራሴን መልስ ለመስጠትና የጀልባዬን የውሃ ፍሳሽ ከምንጩ ፈልገው ላስተካከሉልኝ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። በወጣትነታቸው ምጽዋ በባሕር ኃይል የሞተር ክፍል የሠሩ፣ ወደዚህ አገር ከመጡም ወዲህ በጀልባ ጥገና የኖሩ ሰው ናቸው።

ጀልባዬ እ.ኤ.አ. በ1989 የተሠራ፣ 28 ጫማ ርዝመት ያለው ነው። አንድም ቧንቧ ሳይከፈት የንጹሕ ውሃው ፓምፕ በእኩለ ሌሊት እየተነሣ ጥቂት ሰኮንድ ሠርቶ ይቆማል፤ ቢልጅ በሚባለው የጀልባው የታችኛው ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ያንን ውሃ ወደ ውጭ መግፋት ያለበት ሌላው ፓምፕ ደግሞ ድምፁ እየተሰማ ውሃው አልቀንስ ይላል። ከጋሼ በፊት ያማከርኩት የጥገና ድርጅት ከላይ ከላይ አይቶ ሁለቱም ፓምፖች ይቀየሩ በማለት የዋጋ ዝርዝር ልኮልኝ ነበር። ጋሼ ወረቀቱን አንብበው መለሱልኝና «ልጄ፣ ፓምፑ የሚነሣው ውሃ እየፈሰሰ ቢሆንስ? መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚሄድ እንይ» አሉኝ።

አዲስ አበባ ግቢው ውስጥ ከሮቶ ውሃ የሚገፋ አውቶማቲክ ዲናሞ ያለው ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ፓምፑ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ራሱን ያበራል፣ ግፊቱ ሲሞላ ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ እየተነሣ ከሆነ ወይ ከፓምፑ በኋላ ያለው መስመር ያፈሳል፣ ወይም በራሱ በፓምፑ ውስጥ ያለው መመለሻ ከልካይ ቫልቭ ውሃውን ወደ ታንከሩ ይመልሰዋል። ጋሼ ሁለቱን የለዩት የፓምፑን መውጫ ከጀልባው መስመር ፈትተው በመድፈን ነው። ፓምፑ ግፊቱን ሞልቶ ጠፋ፣ ጠፍቶም ቀረ። ለመቀየር የታዘዘው ፓምፕ ጤነኛ መሆኑ የታወቀው፣ አንድም ዕቃ ሳይገዛ፣ እዚያው ቆመን ነው።

ቀጥሎ የሠሩትን ግን ልዘርዝረው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የሰውየውን አሠራር በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው። ጀልባው ጨዋማ ባሕር ላይ ቢሆን ኖሮ ቢልጅ ውስጥ ያለው ውሃ ከውጭ የገባ ይሁን ከታንከር የፈሰሰ በምላስ ይለይ ነበር። ሌክ ዩኒየን ግን እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ሥራ ላይ ባሉት፣ ባላርድ ሎክስ በሚባሉት የጀልባ ማሳለፊያ የውሃ በሮች ከባሕሩ የተለየ ሐይቅ ስለሆነ ቅምሻ ብዙ አይረዳም። ስለዚህ ቢልጁን በስፖንጅና በፎጣ እስኪደርቅ ድረስ ጠርገው፣ በየመጋጠሚያው ሥር ነጭ የሶፍት ወረቀት አነጠፉ፤ ከዚያም ንጹሕ ውሃው ታንከር ውስጥ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምረው መስመሩን በግፊት ሞሉት። ብዙም ሳይቆይ ከቦይለሩ ጀርባ የነበረው ወረቀት ጫፉ ሮዝ ሆኖ ቀለሙ ወደ መሐል ሲሳብ አየን። ቱቦው ፖሊቡቲሊን የሚባለው ግራጫ ፕላስቲክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በቤትም በጀልባም በሰፊው ይገጠም የነበረ፣ ነገር ግን ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ከጊዜ ብዛት የሚያደርቀውና ብዙውን ጊዜ በመጋጠሚያው ላይ የሚሰነጠቅ ዓይነት ነው። ጋሼ ሙሉውን መስመር እንቀይር አላሉም፤ በቦይለሩ ዙሪያ ያለውን ብቻ ፔክስ በሚባለው ሌላ የፕላስቲክ ቱቦ ተክተው፣ የቀረውም ተራውን ጠብቆ እንደሚመጣ ነግረውኛል።

ቦይለሩ ሲሞቅ ከግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ጠብ ጠብ የሚለውንም እኔ እንደ ብልሽት ቆጥሬው ነበር። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ የሚመለስበትም መንገድ ስለተዘጋበት በዚያ በኩል መተንፈሱ የተለመደ ነው። ቫልቩን ሳይነኩ መስመሩ ላይ አየር የያዘች ትንሽ የግፊት ታንከር ጨመሩ፤ ጠብታው ቆመ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ከዝናብ በኋላ ቢልጁ ውስጥ ቀለም የሌለው ውሃ መታየቱ አልቀረም። ጋሼ የጀልባውን የላይኛውን ወለል ከዝቅተኛው ቦታ ጀምረው ወደ ላይ በመውጣት፣ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው በጎማ ውሃ እያርከፈከፉ፣ እኔ ከውስጥ በባትሪ መብራት እንድመለከት አደረጉኝ። ከላይ ቢጀመር ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያረጥብ ምንጩ እንደማይለይ ነገሩኝ። ያፈስ የነበረው የብረት መደገፊያው እግር የታሰረበት ቦታ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር።

የቢልጁን ፓምፕ በተመለከተ፣ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁን በመጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ፓምፑ ጋ ለኩ። ባትሪው ከ12 ቮልት በላይ ሲያሳይ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው 10 እንኳ አልሞላም። ሽቦው ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ነበር፤ ፕላስተሩ ሲፈታ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ታየ። በቆርቆሮ የተለበጠ የጀልባ ሽቦ ዘርግተው፣ መጋጠሚያውን በሙቀት ተኮማትሮ ውሃ በማያስገባ ሽፋን አሸጉት፤ ዋናው ማብሪያ ጠፍቶም ቢሆን ፓምፑ እንዲነሣ በራሱ ፊውዝ ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኙት። ፓምፑ ውሃውን ወደ ውጭ የሚገፋበትንም ጎርበጥባጣ ጎማ ውስጡ ለስላሳ በሆነ ቀየሩት፤ በፓምፑ ካርቶን ላይ በሰዓት 1100 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 4160 ሊትር የሚለው ቁጥር ውሃውን ከፍ ሳያደርግ የተለካ በመሆኑ፣ የጎማው ውስጥ ሻካራ ሲሆንና ከፍታው ሲጨምር ብዙ እንደሚቀንስ አስረድተውኛል። ፓምፑ ሲጠፋ ከጎማው የሚመለሰውን ውሃ የሚያግድ ቫልቭ እንዲጨምሩልኝ ብጠይቃቸው ግን፣ ቆሻሻ ይዞት ከተዘጋ ጀልባውን ሊያሰጥም ይችላል ብለው አልተስማሙም።

ለጥቆማው ያህል ጥቂት ነገር ልጨምር። ጋሼ ፈጣን አይደሉም፤ የሚቸኩል ሰው ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል። ክፍያቸው በሰዓት ነው፤ ሂሳቡን አስቀድመው ይናገራሉ፣ የተነቀለውንም ዕቃ በላስቲክ አድርገው ያስረክባሉ። የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ በቀጥታ ወደ ውሃው እንዲወጣ መስመር አዙሩልኝ ለሚል ሰው አይሠሩም፤ ይህ ከድሮም የተከለከለ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በባሕሩ በፒውጀት ሳውንድም ሆነ በእነዚህ ሐይቆች የታከመውን እንኳ ማፍሰስ ስለተከለከለ ልክ ናቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸውና አትደውሉላቸው።

ብርዱ ሳይገባ መስመሩን ማስደረቅና መርዛማ ባልሆነው ሮዝ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ማስሞላት የምትፈልጉ ከጥቅምት በፊት ብትነግሯቸው ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወረፋቸው ይበዛል። ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።