«የተረጋገጠ ሞገድ» ብለው ሲሸጡላችሁ አትክፈሉ

የማታውቁት ባህር ዳርቻ ልትሄዱ ነው። ሰርፊንግ፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብ፣ ለመሞከር ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «ሙሉ የሰርፊንግ ቀን፦ ሰሌዳ፣ ዌትሱት (ከውሃው ብርድ የሚከላከል ልብስ)፣ አሰልጣኝ፣ ትራንስፖርት፣ የተረጋገጠ ሞገድ» የሚል ጥቅል ታገኛላችሁ። ፎቶው ያምራል። ዛሬውኑ ለከፈለ ቅናሽ አለው። እኔና ጓደኛዬ የገዛነው እንዲህ ያለውን ነው። ሙሉውን ከፈልን፣ ያውም በቅድሚያ። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ስሙን ብነግራችሁ የምትሸሹት እሱን ብቻ ነው። አሻሻጡን ካወቃችሁት ግን በሌላ ስም ሲመጣም ትለዩታላችሁ።

እነሱ በሰጡን ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ባህሩ ሞልቶ አሸዋውን ውጦታል። ሞገዱ ራቅ ብሎ ተነስቶ እየተንከባለለ አይመጣም። ዳር ድረስ ይመጣና በአንድ ጊዜ ይከሰከሳል። ነፋሱ ከባህር ወደ የብስ እየነፈሰ ውሃውን አተራምሶታል። ውሃ ውስጥ ያሉት የእኛው ጥቅል ደንበኞች ብቻ ናቸው። አንድ ጠና ያሉ ሰው ሰሌዳቸውን መኪናቸው ላይ ሲያስሩ አገኘናቸውና ጠየቅናቸው። «ጠዋት ነበር እንጂ፤ አሁንማ አለቀ» አሉን። ክው ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። በአብዛኞቹ የዓለም ዳርቻዎች ባህር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ከ6 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ዋናው ነገር ደግሞ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ምክንያቱም የሚከተለው ጨረቃን ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ የጎደለ ባህር ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። እኛ የገዛነው ጥቅል ግን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ነው የሚጀምረው። ሰዓቱ የተቆረጠው ለመኪናቸው ምልልስ እንዲመች ነው። ባህሩን የጠየቀ የለም። ሙላትና ጉድለቱ ብዙም የማይለያይባቸው ባህሮች አሉ፤ በማንኛውም ከፍታ ሞገዱ የሚሠራባቸው ዳርቻዎችም አሉ። የእኛ ግን እንዲያ አልነበረም፤ እነሱም ይህን ያውቁ ነበር።

ሞልቶ ዳር ላይ የሚከሰከስ ሞገድ ደስታ ማበላሸት ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ጀማሪውን አንስቶ በጭንቅላቱ አሸዋ ላይ ሊተክለው ይችላል። ብዙ የአንገትና የአከርካሪ ጉዳት የሚመጣው እንዲህ ነው።

ስለ ነፋሱም ልንገራችሁ። ፀሐያማ በሆነ ቀን የብሱ ከባህሩ ቀድሞ ይሞቃል። ከሰዓት ላይ አየሩ ከባህር ወደ የብስ መንፈስ ይጀምራል፤ የሞገዱንም ቅርጽ ያፈርሰዋል። ብዙ ዳርቻ ላይ ሰርፈሮች በጠዋት የሚነሱት ለዚህ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው መስታወት የመሰለ ሞገድ ነፋስ የሌለበት ወይም ነፋሱ ከየብስ ወደ ባህር የሚነፍስበት ሰዓት ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። ፎቶው እውነት ነው። የተሸጠላችሁ ሰዓት ግን የፎቶው ሰዓት አይደለም።

«የተረጋገጠ» የሚለውን ቃል ደግሞ ጨርሶ አትመኑ። ሞገድ የሚወለደው ሩቅ ባህር ላይ በሚነፍስ ነፋስ ነው። ማንም ከወር በፊት ሊያረጋግጥላችሁ አይችልም። ቀኑ ሲቃረብ ትንበያውን በነፃ ማየት ትችላላችሁ። እዚያ ላይ ከፍታውን ብቻ አትዩ፤ በሁለት ሞገዶች መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለም ተመልከቱ። 1 ሜትር በ6 ሰከንድ እና 1 ሜትር በ14 ሰከንድ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቅርብ ያለ ነፋስ የፈጠረው፣ የተቆራረጠና ደካማ ነው። ሁለተኛው ከሩቅ የመጣ ነው። ብዙ ጉልበት ይዟል፤ ዳር ሲደርስ ደግሞ ከ1 ሜትር በላይ ሊቆም ይችላል። ሻጫችሁ ይህን ልዩነት ማስረዳት ካልቻለ አሰልጣኝ አይደለም።

ወደ ሰሌዳው ልምጣ። ጀማሪ የሚያስፈልገው ረጅም፣ ወፍራምና ላዩ ስፖንጅ የሆነ ሰሌዳ ነው፤ ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 9 ጫማ። ማስታወቂያው ላይ ያለውም እሱ ነበር። የተሰጠን ግን አጭር፣ ደረቅ ፋይበርግላስ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተለጠፈ። ስንጥቅ ያለበት ሰሌዳ ውስጡ ውሃ ይገባና ይከብዳል። ከስር ያሉት ክንፎችም ስለት አላቸው፤ ሲወድቁበት ይቆርጣል። እግር ላይ የሚታሰረው ገመድ፣ ሊሽ የሚሉት፣ መሃሉ ላይ ተልጦ ነበር። ይቀየርልን ብንል «ሌላ የለም» ተባልን። እምቢ ብለን መውጣት ነበረብን። ተከፍሏል በሚል ገባን።

ሊደርስብኝ የነበረውን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። ሞገዱ ግራና ቀኝ ነጭ አረፋ እያወጣ ሲሰበር መሃሉ ላይ ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ መንገድ አየሁ። በዚያ መግባት ይቀላል ብዬ ገባሁ። ሪፕ ከረንት ነበር። ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተሰብስቦ ወደ ባህር የሚመለስበት ጠባብ ጅረት ነው። ሲበረታ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ያንን ታግሎ ወደ ዳር የሚመለስ ዋናተኛ የለም። አሰልጣኛችን ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገረም። አንድ ሰው ለብዙ ተማሪ ነበር፤ መጎተቴንም አላየም። የማላውቀው ሰርፈር ነው መጥቶ «ሰሌዳህን አትልቀቅ፣ ወደ ዳር አትታገል፣ ወደ ጎን ቅዘፍ» እያለ ያወጣኝ። አደራ፣ ይህን ያዙ። ሰሌዳው ያንሳፍፋችኋል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ቅዘፉ፤ ሞገድ የሚሰበርበት ቦታ ስትደርሱ ወደ ዳር ተመለሱ። ከደከማችሁ እጅ አንስታችሁ እርዳታ ጥሩ።

ሲያልቅ ሰሌዳውን መለስን። አገላብጠው አዩትና «ይህ ስንጥቅ የእናንተ ነው» ብለው ያስያዝነውን መያዣ አስቀሩ። ያው በፕላስተር የተለጠፈው ስንጥቅ! ፎቶ አላነሳንም ነበር። ምን ማስረጃ እናቅርብ? ሰሌዳ ስትረከቡ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን፣ አፍንጫውን፣ ክንፎቹን በቪዲዮ ቅረጹ፤ የሚያስረክባችሁ ሰው እያየ። ፓስፖርት በመያዣነት አትስጡ። ጭቅጭቅ ከተነሳ ፓስፖርታችሁ እነሱ እጅ ሆኖ መከራከር አትችሉም።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ባህሩ ካልሆነ ሰዓቱ ወይም ቀኑ ይቀየራል ወይ? ካልተቀየረ ገንዘቤ ይመለሳል ወይ? የሚመልሱላችሁ «አትጨነቁ» ብለው ከሆነ ያ መልስ አይደለም። ለአንድ አሰልጣኝ ስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ አሰልጣኙ የነፍስ አድን ሥልጠና እንዳለው፣ ሰሌዳው ስፖንጅ መሆኑን ጠይቁ። ቀብድ ብቻ ክፈሉ። ከተቻለ ደግሞ አስቀድማችሁ ምንም አትግዙ። በመጀመሪያው ቀን ዳርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ግማሽ ሰዓት ተመልከቱ፤ ሰርፈሮቹ የት እንደሚገቡና መቼ እንደሚወጡ ታያላችሁ። የነፍስ አድን ሠራተኛ ካለ ጠይቁት። ዳርቻውን በየቀኑ የሚያየው እሱ ነው፤ የሚሸጥላችሁም ነገር የለም።

በካርድ የከፈላችሁና እንደኛ የሆናችሁ ካላችሁ ባንካችሁን ክፍያው እንዲመረመር መጠየቅ ትችላላችሁ። ጊዜ ገደብ ስላለው አትዘግዩ። የማስታወቂያውን ገጽ፣ የተጻጻፋችሁትንና ደረሰኙን ዛሬውኑ ፎቶ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የእኛዎቹ «የተረጋገጠ» የሚለውን ቃል ቅሬታችንን በላክን ማግስት አጥፍተውታል። ደግነቱ ጓደኛዬ ቀድሞ ፎቶ አድርጎት ነበር። እሱን አያይዘን ለባንኩ ልከናል። መልሱ ሲመጣ እጨምርበታለሁ።