የላፕቶፔን ራም ከቀየርኩ 8 ወር ሆነኝ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፤ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም (ላፕቶፑ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ካርድ) አለው። አንዱ ከላፕቶፑ ጋር የመጣ ነው። ሌላውን ያገለገለ ገዝቼ ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ያንን ያገለገለውን አውጥቼ አዲስ ኪንግስተን ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 (የራም ዓይነት ነው) ተካሁበት። አሁን ሰኔ ነው። የመጋቢት ሙቀትም፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ግርግርም አልፎበታል።

ችግሩ የጀመረው አምና የካቲት ላይ ነው። ጠዋት ስከፍተው ምንም አይለውም። ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ቤቱ እንደ ምጣድ ሲግል ግን ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያወጣው ሰማያዊው ስክሪን ከች ይላል። ከሥሩ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ጽሑፍ አለ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ስም ያወጣል። መለዋወጡ ራሱ ምልክት እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። አንድ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከላፕቶፑ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ያው አንድ ስህተት ይደጋገማል። ራም ሲታመም ግን ዛሬ ዎርድን፣ ነገ ክሮምን፣ ከነገ ወዲያ ዊንዶውስን ራሱን ይጥላል።

ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። «ቫይረስ ነው» ብሎ ፎርማት አደረገው። ሳምንት ሠርቶ ተመለሰበት። እንደገና ፎርማት ተደረገ። በሦስተኛው «ሃርድ ዲስኩን ቀይረው» ተባልኩ። እሱ ጋ ሲበራ ደህና ነው፤ ሰውየው አልዋሸም። ባዶ ላፕቶፕ ራሙን ብዙ አይነካውም። እኔ ጋ ግን ሀያ የክሮም ታብ፣ ፎቶሾፕና አራት ጥናት አንድ ላይ ተከፍተው ይውላሉ። ራሙ ሲሞላ የታመመው ቦታ የመነካት ዕድሉም ይጨምራል።

የሙቀቱም ነገር ምክንያት አለው። ራም መረጃ የሚይዘው በጣም ጥቃቅን በሆኑ የኤሌክትሪክ ቋቶች ነው። ቋቶቹ ያፈሳሉ፤ ስለዚህ በየ64 ሚሊሰከንዱ እንደገና ይሞላሉ። ሙቀት ሲጨምር ማፍሰሱ ይፈጥናል። ጤነኛው ቋት ይችለዋል። የደከመው ግን ተራው ሳይደርስ ባዶ ይሆናል፤ 1 የነበረው 0 ሆኖ ይነበባል። የእኔ ላፕቶፕ ጠዋት ጤነኛ፣ ከሰዓት በሽተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ክረምት ሲገባና አየሩ ሲቀዘቅዝ ተሻለው፤ እኔም ዳነ ብዬ ተውኩት። መስከረም ሲያልቅ ተመልሶ መጣ።

ከሁሉ በላይ ያመመኝ ሰማያዊው ስክሪን አይደለም። አምና ግንቦት ላይ አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስጠርዝ መጣች። ፋይሉን ስከፍተው ዎርድ «ተበላሽቷል» አለኝ። ጠግኖ ሲከፍተው ምዕራፍ 4 ላይ ባዶ ቦታ ብቻ ቀረ። «ጋሼ፣ ሠንጠረዦቹስ?» አለችኝ። ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ባክአፕ ፍላሽ ላይ ነበረኝ። እሱም ያው ተበላሽቷል። ለምን? ፋይል ከዲስክ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ በራም በኩል ነው የሚያልፈው። ራሙ ከታመመ የሚገለበጠው ስህተቱም ጭምር ነው። ደግነቱ ልጅቷ ከሳምንት በፊት ለጓደኛዋ በቴሌግራም ልካው ነበር፤ ከዚያ አገኘነው። ላፕቶፓችሁ ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካላችሁ እባካችሁ በዚያው ማሽን ባክአፕ ለመያዝም ፎርማት ለማድረግም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ራሙ ይፈተሽ።

መፈተሻው ነፃ ነው። ሜምቴስት86+ ይባላል። ፍላሽ ላይ ይጫናል፤ ላፕቶፑ ከዊንዶውስ ሳይሆን ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረጋል። እኔ ጋ ኤፍ12 ተጭኜ ነው የገባሁት፤ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን፣ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ቅንብርም ለጊዜው አጥፍቻለሁ። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ስሪት 6 ወይም ከዚያ በላይ ያውርዱ፤ የድሮዎቹ በዩኢኤፍአይ (በአዲሶቹ ላፕቶፖች የማስነሻ ሥርዓት) አይነሱም። ዊንዶውስ የራሱ መፈተሻ አለው፤ ግን የእኔን ችግር አላገኘውም። በእሱ ብቻ ብረካ ኖሮ ዛሬም ፎርማት ላይ ነበርኩ።

ማታ ሱቁን ዘግቼ ጀመርኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ሄደ። ባትሪው ደካማ ስለሆነ ማሽኑም አብሮ ጠፋ። ሜምቴስት ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ነው። መብራቱ ሲመጣ ደግሜ አስነሳሁት። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ የሜምቴስቱ ስክሪን ላይ ቀይ መስመር ወጣ። አንድ። ትንሽ ቆይቶ ሦስት። የሚጠበቀው ቁጥርና የተነበበው ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። በዚያች አንዲት ፊደል ነው ስምንት ወር የተንከራተትኩት። ራም ላይ «ትንሽ ስህተት» የሚባል ነገር የለም፤ አንድም ቢሆን ከወጣ ራሙ አይታመንም።

ከዚያ የትኛው ራም እንደሆነ መለየት ነው። በካቻቢቴ የጀርባውን ብሎኖች ፈታሁ። ክዳኑን በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ ዙሪያውን አላቀቅኩት። የባትሪውን ሶኬት ነቅዬ የማብሪያውን ቁልፍ ለትንሽ ሰከንድ ያዝኩት፤ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። ራሙን የያዙትን ሁለት ክንፎች ወደ ጎን ስትገፏቸው እሱ ራሱ ሰያፍ ብሎ ይነሳል። ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ጠረግኳቸው፤ አንዳንዴ ችግሩ ቆሻሻ ብቻ ነውና። የእኔ አልነበረም። አንዱን ራም ለብቻው ፈተሽኩ፣ ከዚያ ሌላውን። ቦታም አቀያየርኳቸው። ያገለገለው በሁለቱም ማስገቢያ ቀይ አወጣ፤ ከላፕቶፑ ጋር የመጣው በሁለቱም ንጹሕ ነው። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ደህና ነው። ይህን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አታውጡ።

አዲሱን ፒያሳ ገዛሁት። ሁለት ሦስት ሱቅ ዞሬ ነው፤ ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። ሻጩ የሰጠኝ ዋስትና የአንድ ወር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የገዛሁ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ፈተሽኩት። ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ራሙ ውስጥ የተጻፈው አምራችና መጠን ከላዩ ከተለጠፈው ጋር አንድ መሆኑን አየሁ። ሲገባ ሰያፍ አድርጋችሁ፣ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ፣ ወደ ታች ስትጫኑት ቀጭ ይላል። መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ጨልሞ ቆየብኝ፤ ልቤ ቀጥ አለ። አዲሱን ራም እየለመደ ነው። ጠብቁት።

እንግዲህ 8 ወር። ሰማያዊ ስክሪን አንድም ጊዜ አላየሁም። ሦስት ጊዜ ደግሜ ፈትሼዋለሁ፤ አንዱን ሆን ብዬ መጋቢት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሰዓት። ንጹሕ ነው። ፍጥነት ግን አልጨመረልኝም። የራሙ ፍጥነት 2666 ቢሆንም ላፕቶፔ በ2400 ነው የሚያሠራው፤ ስለዚህ ለፍጥነት ብላችሁ ውዱን አትግዙ። ሌላም ነገር አለ፤ ራም መቀየር የተበላሸውን ፋይል አይመልስም። ዊንዶውሱም ተጎድቶ ስለነበር ከቀየርኩ በኋላ ከአዲስ ጫንኩት። ያ ፎርማት ብቻ ነው ዋጋ የነበረው።

ከመግዛታችሁ በፊት ዊንዶውስ ላይ ባለው ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ክፈቱ። ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ቀጫጭን ላፕቶፖች ብዙዎቹ ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ እሱ በካቻቢቴ አይነቀልም። ዲዲአር3 ደግሞ ዲዲአር4 ቦታ አይገባም። መሐሉ ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያያል፤ እንቢ ካለ አታስገድዱት።

የመፈተሻው ፍላሽ አሁን ከኮፒ ማሽኑ በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የእሱም ላፕቶፕ እንደ እኔው እያስቸገረው ወሰደው። ሌሊቱን ፈትሾ ጠዋት መለሰልኝ። ራሙ ንጹሕ ነው። የእሱ ችግር ዲስኩ ነው።