አክሰስፖርት በሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ላይ፦ ከኅዳር እስከ መስከረም የነዳው የኔትወርክ ሠራተኛ አስተያየት

አክሰስፖርት የመኪናን ኮምፒውተር አሠራር የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ነው። ይገዛ ወይስ አይገዛ ብሎ ለሚቸኩል ሰው መልሱን አስቀድሜ ልንገረው። ግዙት። ግን ለፈረስ ጉልበት ብላችሁ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ። ይሄ ዕቃ ገንዘቡን የሚመልሰው ሞተሩ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ስለሚያሳያችሁ ነው። እንደ እኔ በኔትወርክ ሥራ እንጀራ የምትበሉ ከሆነ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መኪናዋ የ2017 ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ናት። ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ፣ ማርሿ ባለ 6 ማንዋል፣ ፋብሪካው 268 የፈረስ ጉልበት አላት የሚላት። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፣ የምሠራው አሽበርን ካሉት ዳታ ሴንተሮች በአንዱ። ኢንተርኔት «ክላውድ» ላይ ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው፣ ትልቅ ክፍሉ እዚህ ነው፣ መስኮት በሌላቸው ግራጫ ሕንፃዎች ውስጥ። እኔም ሥራ የጀመርኩት እዚያው ኬብል በመጎተትና ሰርቨር በመሸከም ነው።

ዕቃው ኮብ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው አክሰስፖርት ነው፣ ሦስተኛው ትውልድ። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ ትንሽ ስክሪን አለው፣ ከመሪው ሥር ባለው የኦቢዲ (የመኪና መመርመሪያ) ሶኬት ላይ በገመድ ይሰካል። ዋጋው እኔ ባየሁበት ጊዜ አዲሱ 700 ዶላር አካባቢ ነበር። ሥራው ሁለት ነው፦ የመኪናውን ኮምፒውተር ማለትም የኢሲዩውን ማፕ (ሞተሩን የሚያዝበትን የቁጥር ሰንጠረዥ) ይቀይራል፣ እየነዳችሁ ደግሞ የሚሆነውን ሁሉ ይመዘግባል።

ቱርቦ በሌለው መኪና ላይ ማፕ ብቻ ቀይሮ ብዙ ነገር መጠበቅ ከንቱ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያው ነው። ቱርቦ ላይ ግን የአየሩን ግፊት የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ዌስትጌቱን (ጭሱ ቱርቦውን ሳይነካ የሚያልፍበትን በር) መቼ እንደሚከፍት፣ ስንት ፒኤስአይ ግፊት እንደሚፈቅድ፣ እሳቱን መቼ እንደሚሰጥ፣ ሁሉም እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ተጽፏል። ፋብሪካው ደግሞ ያንን ሰንጠረዥ የጻፈው መጥፎ ቤንዚን ለሚቀዳውም፣ ዘይት ለሚረሳውም፣ በረሃ ለሚነዳውም ሰው አስቦ ነው። ስለዚህ ትንሽ ትርፍ ይተዋል። ስቴጅ 1 የሚሉት ያንን ትርፍ መውሰድ ነው፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ።

አጫጫኑ ቀላል ነው፣ ልብ ግን ያንጠለጥላል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ «ኦን» ላይ ሆኖ ትሰኩታላችሁ፣ ማፑን ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ያብዳል። ያሉት መብራቶች በሙሉ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ የራዲያተሩ ፋን በራሱ ተነስቶ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር እየተጎተተች ትሄዳለች። እዚህ መሃል ባትሪ ቢደክም ኢሲዩው ግማሽ ተጽፎ ይቀራል። ሌሊት ላይ የኔትወርክ ስዊች ሶፍትዌር አሻሽሎ የሚያውቅ ሰው ይሄን ጭንቀት ያውቀዋል። እኔ ባትሪው ላይ ቻርጀር አስሬ ነው የሠራሁት፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። የፋብሪካውን ማፕ አስቀድሞ ስለሚያስቀምጥ በፈለጋችሁ ሰዓት መመለስ ይቻላል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መመለሻ የሌለውን ለውጥ ሥራ ቦታም አልነካም።

አነዳዱስ? ፋብሪካው ሲሰጠኝ ቤንዚን ስረግጥ ትንሽ አስቦበት ነበር የሚሄደው። አሁን እግሬን ይሰማል። 3000 ዙር አካባቢ የነበረው ማንቀላፋት ጠፍቷል፣ ሀይዌይ ስገባ ማርሽ ሳልቀንስ እቀላቀላለሁ። ደረት የሚጨፈልቅ ነገር ግን አትጠብቁ፣ ስቴጅ 1 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስክሪኑ ላይ ሁሌ የማኖራቸው ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው «ዳም» የሚሉት ነው፣ ኮምፒውተሩ በቤንዚኑና በሞተሩ ላይ ያለው የመተማመን መጠን በሉት። 1.0 ከሆነ ሰላም ነው። ከዚያ ከወረደ እግራችሁን ከቤንዚኑ አንሱ፣ ምክንያቱን ሳታገኙም አትርገጡት። ሁለተኛው «ፊድባክ ኖክ» ነው፦ ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ያለጊዜው ሲፈነዳ ኮምፒውተሩ ሰምቶ እሳቱን ምን ያህል ዲግሪ እንዳዘገየ ያሳያል። ሦስተኛው ደግሞ ኮምፒውተሩ ከዚህ በፊት ኖክ የሰማበትን ዙርና ጭነት አስታውሶ የሚያስቀምጠው ነው። ማርሽ ስትቀይሩ ወይም እግራችሁን ድንገት ስታነሱ ከዜሮ በታች 1.4 ብልጭ ብሎ ቢጠፋ አትደንግጡ። ሙሉ ረግጣችሁ እየሄዳችሁ እየደጋገመ ከመጣ ግን ሌላ ወሬ ነው። ይሄ ሞተር በዕድሜ የሚታወቅ ድካም አለው። የፒስተን ቀለበት የሚቀመጥበት ጠርዝ በኖክ ይሰበራል፣ ከተሰበረ ደግሞ የምታወሩት ስለ አዲስ ሞተር ነው።

ኅዳር ላይ ቁጥሮቹ ያስደስቱ ነበር። ቀዝቃዛ አየር ቱርቦ ይወዳል። ሐምሌ ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። የዚች መኪና ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚመጣውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘው) ሞተሩ አናት ላይ ነው የተኛው፣ ኮፈኑ ላይ ያለው አፍ አየር የሚያስገባለት መኪናው ሲሄድ ብቻ ነው። ሩት 28 ላይ ትራፊክ ይዞኝ ስቆም ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሙቀት እየወጣ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲያልፍ በዓይኔ አየዋለሁ። መብራቱ እንደለቀቀ መርገጥ ማለት ያንን ትኩስ አየር ሞተሩ ውስጥ መክተት ነው። እኔ ትንሽ ነድቼ ቁጥሩ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። አጠገቤ ያለው ልጅ ጥሎኝ ይሂድ፣ ምን ቸገረኝ።

ግንቦት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰርቪስ ያስገባሁበት ጋራዥ ኢንተርኩለሩን አንስቶ መልሶት ነበር። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ትሄዳለች፣ የቼክ ኢንጂን መብራት የለም፣ ድምፅም የለም። ብቻ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። የድሮውን ሎግ፣ ዕቃው የመዘገበውን ማለቴ ነው፣ አወጣሁ፣ አዲሱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። በአንድ ዓይነት ዙር፣ በአንድ ዓይነት ማርሽ፣ ግፊቱ ኮምፒውተሩ ከጠየቀው በታች ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ግፊት ለማግኘት ዌስትጌቱን ከበፊቱ በጣም አጥብቆ እየዘጋ ነው። ማለትም ቱርቦው ይለፋል፣ አየሩ ግን ሞተሩ ጋ አይደርስም። የሆነ ቦታ ይወጣል። ኮፈኑን ከፍቼ የኢንተርኩለሩን መጋጠሚያ በእጄ ስዳስስ አንዷ ፋሼታ ዘንበል ብላ የተያዘችው በግማሽ ነው። በካቻቢቴ አላልቼ፣ ጎማውን እስከ ጥጉ ገፍቼ፣ መልሼ አጠበቅኩት። በሚቀጥለው ሎግ ሁለቱ መስመሮች ገጠሙ።

ይሄ ታሪክ ሥራ አስገኝቶልኛል ብል አታምኑኝ ይሆናል። ሲሲኤንኤውን (የሲስኮን የኔትወርክ ባለሙያ ፈተና) ከወሰድኩ በኋላ ከኬብል ሥራ ወደ ኔትወርክ ኦፕሬሽን ለመግባት ኢንተርቪው ገባሁ። «ምንም አላርም የለም፣ ደንበኛው ግን ቀርፋፋ ነው ይላል፣ ከየት ትጀምራለህ?» አሉኝ። እኔ ስለ ፋሼታዋ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ፋይበር አዞርኩት፦ ሊንኩ «አፕ» ነው፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ግን የሲአርሲ ስህተቱ፣ ማለትም ተበላሽቶ የሚደርሰው ዳታ፣ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ስለዚህ ራውቲንጉን ከመነካካቴ በፊት ወርጄ የፋይበሩን ጫፍ አያለሁ፣ አጸዳለሁ፣ የብርሃኑን መጠን ከድሮው ጋር አወዳድራለሁ። ከመካከላቸው አንዱ መኪና ወዳጅ ሆኖ ተገኘ። ቀሪው ጊዜ በቱርቦ ወሬ አለቀ ማለት ይቻላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አዲስ የሚገቡ ልጆች ትእዛዝ መሸምደድ ይወዳሉ። ኦኤስፒኤፍ፣ ቢጂፒ፣ ቪላን፣ ሁሉንም ጥርት አድርገው ይነግሯችኋል። ሰላም በነበረበት ቀን ኔትወርኩ ምን ይመስል እንደነበር ግን አልመዘገቡም። ታዲያ ሲበላሽ ከምን ጋር ያወዳድሩታል? አክሰስፖርቱ ሎጉን በሲኤስቪ ፋይል ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ በኤክሴል ነበር የማየው፣ ሲሰለቸኝ መስመሮቹን የሚስልልኝ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። ዛሬ ያችው ስክሪፕት፣ ስሟን ብቻ ቀይሬ፣ የስዊቾቼን ፖርት ቁጥሮች ትስልልኛለች። ፓይተን ኮርስ ላይ ተመዝግቤ ያልገባኝ ነገር በመኪና ሎግ ገባኝ።

አንድ የሥራ ልማድም ከዚያ ወደዚህ መጥቷል። ሲስኮ ራውተር ላይ ከሩቅ ሆኜ አደገኛ ነገር ስቀይር መጀመሪያ «ሪሎድ ኢን 10» እላለሁ። ራሴን ቆልፌ ከወጣሁ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተነስቶ ወደተቀመጠው ኮንፊግ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለሰዓታት ከዓለም ሲጠፋ መነሻው በጥገና ጊዜ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነበር፣ ያንን ማስቆም የነበረበት መቆጣጠሪያም ስህተት ነበረበት። ይሄን እያሰብኩ ነው መኪናው ላይም ሁለት ነገር በአንድ ቀን የማልቀይረው። ማፕና ካንዴላ አብሮ የቀየረ ሰው ችግር ሲመጣ የትኛውን ይወቅሳል?

ለኔትወርክ ሰዎች ትንሽ ጨዋታ፦ መኪናው ራሱ ኔትወርክ ነው። ካን ባስ ይሉታል፣ ቦሽ በ1986 ያስተዋወቀው። ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች፣ ጫፍና ጫፍ ላይ 120 ኦም ሬዚስተር። ሁለት መልእክት በአንድ ጊዜ ከተነሳ መለያ ቁጥሩ ያነሰው ያልፋል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ ግጭት ብሎ ነገር የለም። የኦቢዲ ሶኬቱን ፒን 6ን እና 14ን መኪናው ጠፍቶ በሜትር ብትለኩ 60 ኦም አካባቢ ታገኛላችሁ። 120 ካነበበ አንደኛው ጫፍ ተቆርጧል።

አሁን የሚያስጠላውን። አክሰስፖርቱ አንዴ ከአንድ መኪና ጋር ከተጋባ ሌላ መኪና ላይ አይሠራም፣ የግድ አስፈትታችሁ የፋብሪካውን ማፕ መመለስ አለባችሁ። ያገለገለ የምትገዙ ልጆች፣ ሻጩ መፍታቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር እንዳትልኩ። መኪናውን ሸጦ ዕቃውን ሳያስፈታ የቀረ ሰው እጅ ያለው ፕላስቲክ ነው። ጋራንቲ ያለው አዲስ መኪና ከሆነም አስቡበት፣ አከፋፋዩ ኢሲዩው መነካቱን ማወቅ አይከብደውም። ገመዱም ጉልበት ሥር ይንጠለጠላል። ከኦንላይን በርካሽ የገዛሁት የመስታወት መያዣ ደግሞ በበጋው ሙቀት ለቆ ዕቃውን ማርሹ ላይ ጥሎልኛል። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያለው ሽማግሌ መካኒኬ ይሄን ሁሉ ሲያይ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ጉሉኮስ ንቀልና መኪናውን ንዳው» ነው የሚለኝ። ጋሼ ሎጉን ሳሳየው ግን መነፅሩን ፈልጎ ያነባል።

ቦሎም እዚህ ቀልድ አይደለም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሴፍቲ (የደኅንነት ምርመራ) በየዓመቱ፣ የጭስ ምርመራ በየሁለት ዓመቱ ነው። ማፕ በቀየራችሁ ቁጥር ኢሲዩው የራሱን ምርመራዎች ከዜሮ ይጀምራል፣ ወዲያው ለጭስ ብትሄዱ «ገና አልተዘጋጀም» ብሎ ይመልሳችኋል። ሀይዌይም ከተማም ቀላቅላችሁ ጥቂት ቀን ንዱና ዝግጁ መሆኑን እዚያው ስክሪኑ ላይ አይታችሁ ሂዱ።

«ወንድሜ፣ ስቴጅ 2 ላድርገው?» የሚል መልእክት ይበዛብኛል። ስቴጅ 2 ማለት የጭስ ማውጫውን መጀመሪያ ክፍል መቀየር ማለት ነው፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ካታሊስቱ አለ። ካታሊስት ነቅሎ መንገድ ላይ መንዳት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ኮብም በ2022 የጭስ መቆጣጠሪያውን የሚያጠፉ ነገሮችን ከማፖቹ አውጥቷል። ስለዚህ ለመንገድ መኪና የእኔ መልስ ስቴጅ 1 እና ጥሩ ጎማ ነው። መኪናው ቀን ቀን ኡበር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታስበው። 93 ኦክቴን ቤንዚን በየቀኑ እየቀዱ ኡበር መሥራት ለማደያው መሥራት ነው።

ገንዘቡ ለዕቃውም ለሲሲኤንኤውም የማይበቃችሁ ልጆች ግን አሉ፣ አውቃለሁ፣ እኔም እዚያ ነበርኩ። የሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ነው። መጀመሪያ እሱን ክፈሉ። ቱርቦ የሚከፈለው ከደሞዝ ነው።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅም ማፕ ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እዚያ ከፍታው ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው፣ ቱርቦ ያለው መኪና እንጦጦን ሲወጣ ከሌላው የሚለየው ለዚህ ነው። ግን ለአሜሪካ 93 የተጻፈን ማፕ ምን እንደተቀዳ በማይታወቅ ቤንዚን ላይ መጫን ሞተሩን መግደል ነው። አገር ቤት የቤንዚን መኪና ማስገባትም ከ2024 ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ያለውን ሞተር በሚገባ መያዙ ነው የሚያዋጣው።

እኔ ለጊዜው ስቴጅ 1 ላይ ነኝ፣ ዳሙ 1.0 ነው፣ ዘይት ፋብሪካው ካለው ማይል ቀድሜ እቀይራለሁ። የ60,000 ማይሉ ካንዴላ መቀየሪያ ደርሷል። ቦክሰር ሞተር ስለሆነ ካንዴላው ጎንና ጎን ተወሽቋል፣ ባትሪ ሳይነሳ እጅ አይገባም። እጁ ሳይላጥ የቀየረ ካለ በምን ቁልፍ እንደገባበት ይጻፍልኝ።