ውጤት ሲወርድ፦ በሕግ ትምህርት መቀጠል ወይስ ለጊዜው ማቋረጥ?

ድምር አማካይ ነጥቡ ከማለፊያው በታች የወረደ የሕግ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያመነታው ለዝቅተኛ ውጤት የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ በመቀጠልና በፈቃድ ለጊዜው አቋርጦ በመመለስ መካከል ነው።

መቀጠል ጊዜ ይቆጥባል፤ አደጋው ያለው ስሌቱ ላይ ነው። ማለፊያው 2.0 በሆነበት ተቋም በ30 ክሬዲት 1.8 ያለው ተማሪ ከማስጠንቀቂያው ለመውጣት በቀጣዮቹ 15 ክሬዲቶች ቢያንስ 2.4 ማምጣት ይጠበቅበታል። ችግሩ የጥያቄ አመላለስ ከሆነ ይህ የማይደረስበት አይደለም፤ ሕጉን በቃሉ ይዞ ሳለ በፈተና ወረቀቱ ላይ ጭብጡን (መልስ የሚሻውን የሕግ ጥያቄ) ሳይለይና ድንጋጌውን ከጉዳዩ ፍሬ ነገር ጋር ሳያዛምድ በቀጥታ ወደ መደምደሚያው የሚሮጥ ተማሪ፣ የታረመ ወረቀቱን ይዞ መምህሩን ቢያነጋግርና የቆዩ ጥያቄዎችን በሰዓት ገድቦ ቢሠራ በአንድ ሴሚስተር ሊሻሻል ይችላል።

ማቋረጥ ፋታ ይሰጣል፤ ምረቃን ግን ያዘገያል፣ ነጥቡንም (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) በራሱ አያነሣም። ፈቃዱ በጽሑፍ ካልተያዘ ደግሞ መመለሱ ራሱ ያጠራጥራል።

የአጠናን ዘዴው ለተበላሸበት መቀጠሉ፣ ሕመም፣ ሐዘን ወይም የገንዘብ እጦት ከንባብ ላገደው ማቋረጡ ይሻላል፤ ሕግን ከመነሻው ያልፈለገ ግን የትምህርት ክፍል መቀየርን ቢያጤን ይበጀዋል።