የዓይን ዝላይ መለኪያ፦ የትኛው ይሻላል?

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። መለካት የፈለጋችሁት ዓይን መቼ እንደተነሳ ነው ወይስ በምን ፍጥነት እንደሄደ? ሁለቱ የሚፈልጉት መሣሪያ ይለያያል።

ድንገት ብቅ ወዳለ ነጥብ ለመዝለል ዓይን ወደ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ከተነሳ በኋላ ግን አይያዝም። 10 ዲግሪ የሚሸፍን ዝላይ፣ ባለሙያዎቹ ሳካድ የሚሉት፣ ከ40 እስከ 50 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያልቃል። በ60 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ የሚለካ መሣሪያ የሚያየው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው። ስለዚህ ከዚያ ዝላይ የሚተርፈው ሁለት ቢበዛ ሦስት ነጥብ ነው። ከዚህ ላይ ከፍተኛውን ፍጥነት አወጣለሁ ማለት ዘበት ነው። ሰው ማስታወቂያው ላይ የቱን እንዳየ ለማወቅ ግን ይበቃል።

ቶቢ ፕሮ ፊውዥን የተባለው መሣሪያ እስከ 250 ሄርዝ ይሄዳል፤ በዚህ ፍጥነት ያንኑ ዝላይ አሥር ቦታ ገደማ ይይዘዋል። ስክሪን ሥር ስለሚገጠም አገጭ ማስደገፍ ግድ አይደለም፣ ለልጆች ይመቻል። ሙከራውን ደጋግማችሁ አማካይ ካወጣችሁ የመነሻ ሰዓቱን ደህና አድርጎ ይሰጣል። በትንንሽ ዝላዮች ላይ ግን ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያችኋል።

ጥያቄያችሁ ፍጥነት ከሆነ አይሊንክ 1000 ፕላስ የተባለውን መሣሪያ ግዙ፤ እስከ 2000 ሄርዝ ይሄዳል። ዋጋው ጣሪያ የነካ ነው፣ በ2000 ሄርዝ ለመለካትም ተመርማሪው አገጩን አስደግፎ መቀመጥ አለበት። እኔ 1000 ሄርዝ ይበቃል ባይ ነኝ። የብሌንን መሃል የሚከተል መሣሪያ ሁሉ የሚጋራው ችግር ደግሞ አለ፦ ዓይኑ ካረፈ በኋላ ብሌኑ ትንሽ ይወዛወዛል፣ የዝላዩ ማብቂያም ይደበዝዛል። ይህን በሄርዝ አታመልጡትም።

ሰውየው እየተራመደ ከሆነ በመነጽር መልክ የሚደረገው ፒውፒል ኮር አለ፣ 200 ሄርዝ።

ላቦራቶሪያችሁ ውስጥ የአንጎል ሞገድ መቅጃ ካለ ግን አዲስ ነገር አትግዙ። በሁለቱ ዓይኖች ውጫዊ ጥግ ኤሌክትሮድ (የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበል ትንሽ ቁራጭ) ለጥፉ። የግራና ቀኝ ዝላይን ሰዓት በሚገባ ይለካል፣ ዓይን ተጨፍኖም ይሠራል። ያረፈበትን ቦታ በአንድ ሁለት ዲግሪ ሊስት ይችላል። ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ደግሞ የዓይን ቆብ መርገብገቡ ያበላሽባችኋል።

ከተረፈ ብር ለስክሪኑ አስቡ። 60 ሄርዝ ስክሪን ነጥቡን እስከ 16.7 ሚሊሰከንድ ሊያዘገየው ይችላል። የስክሪኑ ጥግ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ የብርሃን ዳሳሽ ነጥቡ የወጣበትን ትክክለኛ ቅጽበት ትነግራችኋለች።